የእኽል አምላክ በጴጥሮስ የበጋ አትክልት ቦታ

በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፥ ፎንታንካ የተባለው ወንዝ ከታላቁ ከኔቫ በሚለይበት ማዕዘን ላይ፥ «የበጋ አትክልት ቦታ» የሚባል ጥንታዊ መናፈሻ ይገኛል። በዚህ መናፈሻ በረዣዥም ዛፎች መካከል በተሠመሩት መንገዶች ግራና ቀኝ ብዙ የዕብነ በረድ ሐውልቶች ቆመዋል። ከነዚህም አንዷ ሴሬስ ናት፤ ይህችውም በጥንታውያን ሮማውያን ዘንድ የእኽልና የእርሻ አምላክ ተብላ ትመለክ የነበረችው ናት። መናፈሻውን የሚጐበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዙሪያዋ ካሉት ሙዛዎችና ምግባራት ለይቶ አያያትም። እኛ ግን ይህችን አንዲት ምስል ለይተን ለዚህ ጥናት መርጠናታል። ምክንያታችንም የሚከተለው ጥያቄ ነው፤ የተራው ሕዝብ የእንጀራ ጠባቂ የነበረች አምላክ፥ እኽል በማይበቃበት ረግረግ ላይ በተሠራ ከተማ፥ ገበሬ እንዳይገባበት በተከለከለ አትክልት ቦታ ውስጥ ብትቆም ምን ትርጕም ይኖራታል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የቀራፂው እጅ ሳይሆን የከተማው ታሪክ ነው ብለን እናምናለን።

ከመቀጠላችን በፊት ሁለት ነገር ማስታወቅ ይገባናል። አንደኛ፥ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «በኛ አቆጣጠር» ካልተባለ በቀር ሁሉም በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፥ «በጋ» ያልነው መስኮቦች «ሌቶ» የሚሉትን ወራት ነው እንጂ የኛን በጋ አይደለም። የነርሱ ሌቶ የሚውለው እኛ ክረምት በምንለው በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የኛ ገበሬ በዝናምና በጭቃ ከበሬው ጋር ሲታገል የነርሱ ከተሜ በአትክልት ቦታው ይንሸራሸራል። የተሻለ ቃል ስላላገኘን የተለመደውን ትርጕም ይዘናል።

ሴሬስ በሮም ምን እንደ ነበረች ሳይታወቅ በፒተርስበርግ ምን እንደ ሆነች ሊታወቅ አይችልም። የጥንት ታሪክ ጸሓፊዎች እንዳቆዩልን ትረካ፥ በ496 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሮም በጦርነትና በእኽል እጦት ተጨንቃ ሳለች፥ ዲክታቶር ሆኖ የተሾመው አውሉስ ፖስቱሚዩስ ለሴሬስና ለባልደረቦቿ ለሊበርና ለሊበራ ቤተ መቅደስ ሊሠራ ተሳለ። ቤተ መቅደሱም በአቬንቲን ኮረብታ ተሠርቶ በ493 ተመረቀ። እዚህ ላይ ዓመቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ494፥ ፕሌብስ የሚባለው የሮም ተራ ሕዝብ ዕዳና ግፍ በዝቶበት ከተማውን ለባላባቶቹ ጥሎ ወጥቶ ነበር። ወደ ከተማው የተመለሰውም ትሪቡን የሚባሉ የራሱን ጠበቆች እንዲሾም ከተፈቀደለት በኋላ ነው። ስለዚህ የሴሬስ ቤተ መቅደስ ገና በምረቃው ጊዜ የተራው ሕዝብ ቤት ሆነ። ገበያውንና የእኽሉን አገባብ የሚቈጣጠሩት ኤዲሊስ የተባሉት የሕዝብ ሹማምንት መቀመጫቸው በዚያ ነበር። ከ449 ጀምሮም የሴናቶው ውሳኔ ሁሉ፥ ባላባቶቹ እንደ ልባቸው እንዳይሠርዙትና እንዳይለውጡት፥ ለነዚሁ ኤዲሎች እየተሰጠ በቤተ መቅደሱ እንዲጠበቅ ተደረገ። የሕዝብ ጠበቃን የደፈረ ሰው ሀብቱ ይሸጥና ገንዘቡ ለሴሬስ ይገባ ነበር። እንግዲህ ይህች አምላክ የአዝመራ ብቻ ሳትሆን የሰነድና የመብት ጠባቂም ነበረች ማለት ነው።

የአምልኮዋ ሥርዓት እንግዳ የሆነ ነገር ነበረበት። በሚያዝያ ወር በሚውለው በዓሏ ላይ ሮማውያን በቀበሮዎች ጀርባ ላይ ችቦ አስረው እየለኰሱ በታላቁ የፈረስ መሮጫ ሜዳ ይለቁ እንደ ነበር ባለቅኔው ኦቪዲዩስ ጽፏል። የሰጠውም ምክንያት ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ልጅ ያቃጠላት ቀበሮ ወደ አዝመራው ገብታ እኽሉን ስለ ፈጀችው ነው የሚል ነው፤ ይህ ግን ልማዱ ከተረሳ በኋላ የተፈጠረ ተረት ይመስለናል። ጥንተ ነገሩ ምንም ይሁን ምን፥ የደረቀ ሰብል ከእሳት እንዲጠበቅ የሚለምን ገበሬ ጭንቀት በውስጡ አለ።

ሴሬስ ከፖለቲካ ጋር የነበራትን ግንኙነት የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ እንጥቀስ። በ133 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጢቤሪዩስ ግራኩስ የተባለው ትሪቡን ባለጠጎች ከልክ በላይ የያዙት የመንግሥት መሬት ለድኾች እንዲከፋፈል ሕግ አወጣ፤ በዚህም የተቈጡ የሴናቶ ሰዎች ከነተከታዮቹ በዱላ ደብድበው ገደሉት። ከዚያ በኋላ ከተማው ፈራ። የትንቢት መጻሕፍት ተገለጡ፤ ከሁሉ የቀደመችው ሴሬስ ተቈጥታለችና ትታረቅ የሚል ቃል ተገኘ። በከተማው ውስጥ ያ የከበረ ቤተ መቅደስ እያለ፥ የሮም ካህናት ባሕር ተሻግረው ሲሲልያ ውስጥ ሄና ወደምትባለው የአምላኳ ጥንተ መኖሪያ ሄደው ምሕረት ለመኑ። ይህን የተረከልን ቺቸሮ ነው። በ1957 በኛ አቆጣጠር «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡትን የዩኒቨርሲቲያችንን ተማሪዎች ለሚያስታውስ አንባቢ የመሬት ጥያቄ፥ የሞተው ሰውና የተቈጣችው የእኽል አምላክ ለምን በአንድነት እንደ ተነሡ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የሮም መንግሥት ካለፈ በኋላ ሴሬስ አምልኮዋን አጥታ ምስሏ ብቻ ቀረ። የአውሮጳ ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች በራሷ ላይ የስንዴ ዛላ ጐንጉነው፥ ማጭድ ወይም ነዶ አስይዘው፥ አንዳንዴም ልጇን ፕሮዘርፒናን ፍለጋ የዞረችበትን ችቦ ጨምረው ይሠሯት ጀመር። በነገሥታቱ አትክልት ቦታዎች ብዙውን ጊዜ የምትቆመው ከአራቱ የዓመቱ ወቅቶች አንዱን፥ በጋን፥ እንድታመለክት ነው። በቬርሳይ አትክልት ቦታ የሚገኘው የሴሬስ ምንጭ እንዲህ ያለ ነው፤ እርሷ በጋን፥ ፍሎራ ጸደይን፥ ባኩስ መጸውን፥ ሳቱርኑስ ክረምትን ያመለክታሉ። በዚህ ጊዜ ሕዝብ፥ ሰነድ፥ ረኃብ የሚባል ነገር ከምስሏ ወጥቷል። የቀረው ጥጋብ ነው፤ ያውም የንጉሡ ጥጋብ። (ዛሬ በየሱቁ በካርቶን የሚሸጠው «ሲሪያል» ስሙን ያገኘው ከርሷ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን።)

ታላቁ ጴጥሮስ ከተማውን በ1703 ቈረቈረ፤ የበጋውን አትክልት ቦታ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት አስጀመረ። ቦታው ረግረግ ስለ ነበረ አፈር ተግዞ ተሞላ፥ ዛፎች ከሩቅ አገር መጥተው ተተከሉ። እዚህ ላይ ለኋላው ታሪክ መሠረት የሆነውን አንድ ነገር እናስቀምጥ። በኔቫ አፍ ያለው መሬት ታላቅ ከተማን ሊመግብ የሚችል አልነበረም። ዱቄቱ ከደቡብና ከቮልጋ አውራጃዎች በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ መምጣት ነበረበት፤ ለዚህም ሲባል የቮልጋን ውሃ ከባልቲክ ባሕር ጋር የሚያገናኘው የቪሽኒ ቮሎችዮክ ቦይ ተቈፍሮ በ1709 ለመርከቦች ተከፈተ። ከተማው ከጥንት ጀምሮ አፉ ከሩቅ በሚመጣ እኽል የተንጠለጠለ ነበር።

ጴጥሮስ ራሱ እርሻን የማያውቅ ንጉሥ አልነበረም። በ1721 ገበሬዎች እኽል በማጭድ ማጨዱን ትተው ረዥም እጀታ ባለው ትልቅ ማጭድ፥ እንደ ባልቲክ አገር ሰዎች ቆመው እንዲያጭዱ ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ሐውልቶቹን ያስመጣው ለገበሬ አልነበረም። የፈለገው መኳንንቱን እንደ አውሮጳ ሰው ማድረግ ነው። ከጣዖታቱም ጋር መኳንንቱ ምንነታቸውን እንዲያውቁ መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ በ1705 በአምስተርዳም የምልክቶች መጽሐፍ ታተመ፥ በ1725ም አፖሎዶሮስ ስለ ግሪክ አማልክት የጻፈው ተተርጕሞ ወጣ። በአትክልት ቦታው ውስጥ በየኤዞፕ ተረት ምንጭ አጠገብ ተረቱ የተጻፈበት ሰሌዳ ተተክሎ ነበር። መናፈሻው በአንድ በኩል መዝናኛ፥ በሌላ በኩል ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ትምህርት ለመስኮብ ሕዝብ ቀላል አልነበረም። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልን ታከብራለች እንጂ ዙሪያውን ተቀርጾ የቆመ ምስልን አትወድም። የኛም ቤተ ክርስቲያን ልማድ ከዚህ ስለማይርቅ ነገሩን ለመረዳት እንግዳ አይሆንብንም፤ ከዕለታት አንድ ቀን በየመንገዱ ዳር ራቁታቸውን የቆሙ ነጫጭ የዕብነ በረድ ሴቶች ቢገጥሙን አባቶቻችን ምን ይሉ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ከሮም በ1719 ግድም የተገዛችው የቬኑስ ምስል በዚያ በቆመች ጊዜ ወታደር ዘብ ቆሞ ይጠብቃት እንደ ነበር፥ ሕዝቡም «ነጯ ሰይጣን» ይላት እንደ ነበር ይነገራል። ልብሷን የለበሰችው ሴሬስ በዚህ ረገድ ከቬኑስ ይልቅ የታደለች ሳትሆን አትቀርም።

ከሐውልቶቹ የሚበዙት በቬኒስ የተሠሩ ናቸው። ሴሬስ ግን በአንትወርፕ ተወልዶ በኮፐንሃገን ብዙ ዘመን የሠራው የቶማስ ኩዌሊኑስ ሥራ ናት ተብላ ትታወቃለች። ስለዚህ የደቡቧ አምላክ በሰሜን ሰው እጅ ተቀርጻ ወደ ባሰው ሰሜን መጣች። በቬኒስ ለንጉሡ ሐውልት ሲገዛና ሲያሠራ የነበረው ዋና ሰው የራጉሣው ነጋዴና ዲፕሎማት ሳቫ ራጉዚንስኪ ነው። ይህን ስም ለአንባቢዎቻችን የምናነሣበት ምክንያት አለ። ገና ከሐውልቶቹ ግዢ በፊት፥ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ከቁስጥንጥንያ አንድ አፍሪቃዊ ልጅ ለጴጥሮስ ያስመጣለት ይኸው ራጉዚንስኪ ነው። ልጁ አብራም ሐኒባል ተብሎ ጄኔራል እስከ መሆን ደረሰ፤ የባለቅኔው የፑሽኪን ቅድመ አያትም እርሱ ነው። የትውልድ አገሩን አኑቺን የተባለው የመስኮብ ሊቅ በ1899 በሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢ ሲያደርገው፥ የቤኒኑ ተወላጅ ኛማንኩ ደግሞ በ1990ዎቹ በቻድ ሐይቅ ደቡብ ነው ብሏል። ክርክሩ ለሌላ ጽሑፍ ይቆየን። ለዚህ ጥናት የሚጠቅመን፥ ለጴጥሮስ መልእክተኛ የዕብነ በረድ ምስልና የሰው ልጅ በአንድ ዓይነት መንገድ፥ ለንጉሡ ቤት ማሳመሪያ ተብለው መምጣታቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ፤ ይኸውም ወደ አትክልት ቦታው መግባት የሚችለው ማን ነበር የሚለው ነው። በጴጥሮስ ዘመን የሚገባው የተጋበዘ ብቻ ነበር። በንግሥት ኤልሣቤጥ ዘመን፥ በ18ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ፥ በተወሰኑ ቀኖች ለሕዝብ ተከፈተ ተባለ፤ ነገር ግን «ሕዝብ» ማለት ደኅና የለበሰ ማለት ነበር። መርከበኞች፥ የጌቶች አሽከሮች፥ ከባድ ጫማ የተጫሙና የገበሬ እጀ ጠባብ የለበሱ ሰዎች እንዳይገቡ ተከለከሉ። ኒኮላይ 1ኛ ከነገሠ በኋላ የወጣው ደንብ ይባስ ብሎ፥ ሙዢክ የሚባለው ባላገር በመናፈሻው ውስጥ ማለፍ እንኳ እንደማይፈቀድለት በግልጽ ደነገገ። በዚያን ጊዜ ከመስኮብ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ገበሬ ነው፤ ከዚያም ውስጥ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠረው ከመሬቱ ጋር የሚሸጥና የሚለወጥ ገባር ነበር። የአቬንቲኗ ሴሬስ ለፕሌብስ ደጇ ክፍት ነበር። የበጋው አትክልት ቦታ ሴሬስ ግን ስንዴውን የዘራው፥ ያረመው፥ ያጨደው ሰው ፊቷን እንዳያይ በዘበኛ ተጠብቃ ኖረች። ከ1771 ጀምሮ ፌልተን በኔቫ በኩል የሠራው የብረት አጥር በውበቱ በአውሮጳ ሁሉ የተመሰገነ ነው። እኛም ውበቱን አንክድም፤ ነገር ግን አጥር አጥር ነው።

አሌክሳንድር 2ኛ በ1861 ገባሮቹን ነጻ አወጣ፤ መሬቱን ግን ገበሬው ለብዙ ዓመት ዕዳ እየከፈለ እንዲገዛው ተደረገ። ሚያዝያ 4 ቀን 1866 (በቀድሞው የመስኮቦች አቆጣጠር) ንጉሠ ነገሥቱ ከዚሁ አትክልት ቦታ ተንሸራሽሮ ሲወጣ ካራኮዞቭ የተባለ ወጣት በሽጉጥ ተኰሰበት፤ ሳተው። ተይዞ ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ፥ ንጉሡ ለሕዝቡ መሬት እሰጣለሁ ብሎ ስላታለለ ነው የሚል ቃል እንደ ሰጠ ተጽፏል። ካራኮዞቭ በዚያው ዓመት ተሰቀለ፤ በበሩ ላይ ለንጉሡ መዳን መታሰቢያ የጸሎት ቤት ተሠራ። ከግራኩስ ሞት በኋላ እንደ ሆነው ሴሬስን ለመታረቅ የሄደ ሰው ግን አልነበረም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ሐውልት ሐውልት ብቻ ነበርና።

በመናፈሻው ውስጥ ሐውልቶቹ የደረሰባቸውን ሁሉ ለመዘርዘር አንሞክርም። በ1777 የተነሣው ታላቅ ጐርፍ ብዙዎቹን ሰባበረ፥ ምንጮቹንም አጠፋ፤ በ1736 ግድም ከ200 በላይ ከነበሩት ምስሎች ወደ ዘመናችን የደረሱት 90 ያህሉ ብቻ ናቸው። በብርድ ወራት ዕብነ በረዱ እንዳይሰነጠቅ እያንዳንዱን በእንጨት ሣጥን መሸፈን የቈየ ልማድ ነው። አንድ የምንወደው ነገር ግን እናንሣ። ፑሽኪን በ1834 በአቅራቢያው ይኖር ነበርና ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ፥ የበጋው አትክልት ቦታ የጓሮ አትክልቱ እንደ ሆነ፥ ከእንቅልፉ እንደ ተነሣም በቤት ልብሱ ወደዚያ እንደሚሄድ በቀልድ ነግሯታል። የጓሮ አትክልት፥ ማለትም ጎመንና ድንች የሚተከልበት መደብ መሆኑ ነው። ይህ ቀልድ ከ108 ዓመት በኋላ በከተማው አደባባዮች ላይ እውነት ይሆናል ብሎ ማን ባሰበ!

ከተማው በ1914 ፔትሮግራድ፥ በ1924 ሌኒንግራድ ተባለ። በ1941 የጀርመን ጦር ሲቃረብ የበጋው አትክልት ቦታ ምስሎች ከመቀመጫቸው ወርደው በዚያው በመናፈሻው ውስጥ ጕድጓድ ተቈፍሮ ተቀበሩ። በጥንቱ ተረት ከመሬት በታች የወረደችው ልጅቱ ፕሮዘርፒና ነበረች፤ ሴሬስም በኀዘኗ ምድርን ፍሬ ከልክላ ሰውን በረኃብ ቀጣች ይባላል። በሌኒንግራድ የተቀበረችው እናቲቱ ራሷ ናት፤ ረኃቡም መጣ።

መስከረም 8 ቀን 1941 የከተማው የየብስ መንገድ ሁሉ ተዘጋ። በዚያው ዕለት ብዙ ዱቄትና ስኳር የነበረባቸው የባዳዬቭ መጋዘኖች በቦምብ ተቃጠሉ። የከተማውን ረኃብ ያመጣው የመጋዘኖቹ መቃጠል ነው የሚል ወሬ ለብዙ ጊዜ ጸንቶ ኖሯል፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ከላይ ያስቀመጥነው ነው። ከተማው ከሩቅ በሚመጣ እኽል ይኖር ነበር፤ መንገዱ ሲቈረጥ በመጋዘን ያለው ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚበቃ ሆነ። ከኅዳር 20 እስከ ታኅሣሥ 25 ድረስ ለአንድ ሠራተኛ በቀን 250 ግራም፥ ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፥ ለቤተ ሰብና ለሕፃን 125 ግራም ዳቦ ይሰጥ ነበር። ያም ዳቦ ቢሆን የጥጥ ፍሬ ፋጉሎና ከእንጨት የወጣ ዱቄት መሰል ነገር የተቀላቀለበት ነው። መከበቡ እስከ ጥር 27 ቀን 1944 ቈየ፤ 872 ቀን መሆኑ ነው። በረኃብ፥ በብርድና በመድፍ ያለቀው ሰላማዊ ሕዝብ ቍጥር ከ600,000 አያንስም።

በ1942 ጸደይ ከክረምቱ የተረፉት ሰዎች በየአደባባዩ መደብ መደብ እየሠሩ አትክልት ተከሉ። በቅዱስ ይስሐቅ ካቴድራል ፊት ጥቅል ጎመን በቀለ። ከበጋው አትክልት ቦታ ጎን ቦይ ተሻግሮ ያለው ሰፊ ሜዳ ስሙ የማርስ ሜዳ ነው፤ ማርስ ደግሞ የሮማውያን የጦርነት አምላክ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። የነገሥታቱ ጦር ይሰለፍበት የነበረው ይህ ሜዳ በዚያን ዓመት የጓሮ አትክልት ሆነ። የእኽል አምላክ ከመሬት በታች፥ የጦርነት አምላክ ሜዳ በድንችና በጎመን ተሸፍኖ! ይህን ያህል የተገጣጠመ ነገር በልብ ወለድ ቢጻፍ ተጋነነ ይባል ነበር።

ከመናፈሻው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በዚሁ በይስሐቅ አደባባይ፥ የዕፀዋት ምርምር ኢንስቲቱት አለ። በውስጡ ከመላው ዓለም የተሰበሰበ ከመቶ ሺህ በላይ ዓይነት ዘር ነበረ። ከዚህም ውስጥ የአገራችን ስንዴ፥ ገብስና ጤፍ ይገኝበታል። ይህን ዘር ያሰባሰቡት የኢንስቲቱቱ መሪ ፕሮፌሰር ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 በኛ አቆጣጠር ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ገብተው ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተነጋገሩ፤ ከዚያም በቅፍለት ተጕዘው በጎንደርና በአክሱም አድርገው ወደ አስመራ ወጡ። በየገበያውና በየማሳው እየቆሙ ዛላ ለቀሙ። ከጠንካራው የስንዴ ዘር መካከል በዛላው ላይ እንደ ጢም የሚቆሙት ሾካካ ቀጫጭን ነገሮች የሌሉበት ዓይነት ማግኘታቸው እጅግ አስደስቷቸው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ዓይነት አስቀድመው ሊኖር ይገባል ብለው ይጠብቁ ነበርና። ኢትዮጵያንም በዓለም የሰብል መገኛ ከሆኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ብለው መዘገቧት።

በከበባው ክረምት የኢንስቲቱቱ ሠራተኞች ይህን ዘር በብርድ ቤት ውስጥ ከአይጥና ከሌባ ይጠብቁ ነበር። ከፊሉ በበረዶ ላይ በተሠራው መንገድ ወደ ኡራል ተራሮች ተላከ፤ የቀረው እዚያው ነበረ። ጠባቂዎቹ ግን በየሣጥኑ ያለውን ሩዝ፥ ስንዴ፥ ኦቾሎኒ አልበሉም። የሩዝ ዘር ኀላፊ የነበሩት ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ብዙ ሺህ የሩዝ ከረጢት በዙሪያቸው እያለ በረኃብ ሞቱ። የኦቾሎኒው ሊቅ አሌክሳንድር ሽቹኪን በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ሞቱ። የአጃ ዘር ኀላፊዋ ሊዲያ ሮዲናም እንዲሁ። ሌሎችም ነበሩ። ቫቪሎቭ ራሳቸው በዚያ አልነበሩም። የሊሴንኮ ወገን በሳይንስ ስለ ተቃወሟቸው በስታሊን መንግሥት ነሐሴ 6 ቀን 1940 ተይዘው ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠላቸውና ጥር 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት፥ ወጣት ሳሉ ባስተማሩበት ከተማ፥ በረኃብ ተዳክመው አረፉ። በ1955 ፍርዱ ተሽሮ ስማቸው ነጻ ወጣ።

አንዳንድ ሰዎች የነዚህን ሊቃውንት ሥራ ሲተቹ፥ ሕፃን በ125 ግራም ዳቦ ሲሞት ዘር መቈለፍ ምን ጽድቅ ነው ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በችኮላም አንመልሰውም። ሆኖም የዘሩ ክብደት በዚያ ከተማ ለነበረው ሕዝብ ቢከፋፈል ለአንድ ቀን እንኳ የሚያጠግብ እንዳልነበረ፥ ለመዝራት ግን ለትውልድ የሚበቃ እንደ ነበረ ማሰብ ይገባል። የኛ ገበሬም በክፉ ቀን የዘሩን እኽል ከሚበላው ለይቶ ሲያስቀምጥ ይህንኑ ሒሳብ ያስባል፤ ዘሩን የበላ ቤት በሚመጣው ዓመት ምን እንደሚገጥመው ወሎና ትግራይ በሚገባ ያውቃሉ። በአቬንቲን የነበሩት ኤዲሎች የሕዝቡን ሰነድ የጠበቁትን ያህል፥ በይስሐቅ አደባባይ የነበሩት ሊቃውንት የሕዝቡን ዘር ጠብቀዋል። ስለዚህ በ1942 የሴሬስ ቤተ መቅደስ በዚያ ከተማ የት ነበር ተብለን ብንጠየቅ፥ የበጋው አትክልት ቦታ ነው አንልም።

ከጦርነቱ በኋላ ምስሎቹ ከጕድጓድ ወጥተው በየመቀመጫቸው ተመለሱ፤ መናፈሻውም ለሠራተኛውና ለገበሬው ሳይቀር ክፍት ነበር። ከተማው በ1991 የጥንት ስሙን መልሶ ያዘ። ነገር ግን የመኪና ጢስና ውርጭ ዕብነ በረዱን እየበላው ስለ ሄደ በ2009 መናፈሻው ተዘግቶ ታላቅ እድሳት ተጀመረ። ምንጮቹ እንደ ጴጥሮስ ዘመን እንደ ገና ተሠሩ፥ ለሐውልቶቹም ከዕብነ በረድ ዱቄትና ከማጣበቂያ የተሠራ ቅጂ ተዘጋጀላቸው። ግንቦት 28 ቀን 2012 ሲከፈት በከተማው ሰው መካከል ብዙ ክርክር ተነሣ፤ ልጅነታችንን ያሳለፍንበት ጥላማ መናፈሻ ጠፋ፥ በምትኩ ያብለጨለጨ ነገር ተተከለ ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እኛ በዚህ ነገር ከአዳሾቹ ጋር ነን፤ ምንጮቹ በዙ የሚለውን ወቀሳ ብንቀበልም፥ 300 ዓመት የቆየ ምስል በውርጭ እንዲያልቅ መተው ፍቅር አይደለም።

ዛሬ በመንገዱ ዳር የቆመችው ሴሬስ ቅጂዋ ናት። ዋናዋ ከጓደኞቿ ጋር የሞይካን ወንዝ ተሻግሮ ወዳለው ወደ ሚካኤል ግንብ ተወስዳ በመስኮብ ሙዚየም ጥበቃ ሥር ትገኛለች። ኢንስቲቱቱም በቫቪሎቭ ስም ተጠርቶ በይስሐቅ አደባባይ በዚያው ሕንጻ ውስጥ አለ፤ የዘሩ ሣጥኖችም በየመደርደሪያው ላይ ናቸው።